ጋሽ ሰይድ ያልፈረሙልኝ ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ ቆሜ የኮዬ ፈጬ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከአንድ ቶርኖ ቤት የጋለ ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ አለፈ። እኔ ግን ታክሲው ሞልቶ እስኪሄድ ድረስ ሽታውን ወደ ውስጥ ስስብ ቆየሁ። ጋሽ ሰይድ ከፋብሪካ ሲመለሱ ሰማያዊ ቱታቸው የሚሸተው ልክ እንዲህ ነበር።

ጋሽ ሰይድ አጥር ለአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው ለስላሳ፣ ቁጣቸው ግን እንኳን እኔን አባቴንም የሚያስፈራ። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን የጓጉንቸር ቁልፍ አሠራር አስረዱኝና «ገባሽ?» አሉኝ። «አዎ!» አልኩ አፌን ሞልቼ። ቁልፉን ፈታተው ብልቱን መዳፌ ላይ ዘረገፉት። «በይ ግጠሚው!» ስታገል ዋልኩ፤ ሳቁብኝ እንጂ አልገጠሙልኝም። በሦስተኛው ቀን ራሴ ስገጥመው ሰፈሩን በእልልታ አናጋሁት።

ኮሌጅ ገብቼ የምህንድስና ተማሪ ስሆን ደግሞ አስተማሪዬ ሆነው አገኘኋቸው። ከፋብሪካው በጡረታ ወጥተው፣ ለኢንተርንሺፕና ለሥራ የሚያዘጋጀንን ኮርስ ይዘዋል። እኛ «የሲቪ ኮርስ» እያልን እንንቀው ነበር። ካልኩለስን ያለፍን ሰዎች ሲቪ ሊከብደን ነው? እሳቸው ግን ሲቪውን በአንድ ቀን ጨርሰው የቤት ሥራ ሰጡን፦ ወርክሾፕ ሂዱ፣ የኮሌጅ ደጅ ያልረገጠ ባለሙያ ፈልጉ፣ ፊቱ ቆማችሁ ሦስት ጊዜ «አልገባኝም» በሉት፣ የመለሰላችሁን ጽፋችሁ አምጡ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሰይድ አልሳቁም።

«የእኛ ሰው ይሉኝታ ይዞት ሳይገባው እሺ ይላል» አሉ። «ጓደኛዬ ሁለት ጣቱን ያጣው በእሺ ነው።»

እኔ ደግሞ የጉድ ልጅ! መሐንዲስ ልባል ነው ስል ቶርኖ ቤት ሄጄ አላዋቂ ልባል? ዓይኔን በጨው ታጥቤ ከመጽሐፍ ገለበጥኩ። የሌለ ባለሙያ ፈጥሬ ሦስቱንም «አልገባኝም» አስመለስኩት። ረቡዕ ዕለት ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ እጁ ዘይት ነክቶ አያውቅም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ለኢንተርንሺፕ ሊቀበለኝ ተስማምቶ፣ የኮሌጁን ደብዳቤ እስከ ዓርብ ካላመጣሽ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን ብሎኛል። የሚፈርሙት ደግሞ እሳቸው!

«ጋሼ፣ ዓርብ እኮ ያልፍብኛል!»

«የቤት ሥራሽን ሳትሠሪ ደብዳቤ የለም። ሂጂ።»

ጎረቤቴ ናቸው፣ ያዝኑልኛል ስል! በግኜ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሳሪስ አንድ ቶርኖ ቤት ገባሁ። ባለሙያው ከስልጤ የመጡ ጎልማሳ ናቸው። ማሽኑ ላይ የሚሽከረከረው ረጅም ቀጭን ብረት ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ጠየቅኳቸው፤ መለሱልኝ። የመጀመሪያውን «አልገባኝም» ስል ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ሁለተኛው ቀለለኝ። በሦስተኛው ማሽኑን አጥፍተው «ግፊው» አሉኝ። ብገፋው ጫፉ ተወዛወዘ። ለካ የሚደግፈው አጥቶ ነው! ያንን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። «እኔም ቆይቶ ነው የገባኝ» አሉኝ ሰውዬው፣ ሻይ እያዘዙልኝ።

ዓርብ ጠዋት ዘይት የነካውን ወረቀት ጋሽ ሰይድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አንብበው ፈገግ አሉ፤ ከመሳቢያቸው የታሸገ ፖስታ አውጥተው «ሩጪ!» አሉኝ። ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ፣ ፋብሪካው ለምሳ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ።

ያው ፋብሪካ በኋላ ቀጠረኝ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ጋሽ ሰይድ ግን አልፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ባለፈው ሳምንት ከቃሊቲው ቶርኖ ቤት ደጅ በቆምኩ ማግስት በጣም ናፈቁኝና፣ የሰው ኃይል ክፍል ሄጄ የግል ማህደሬን አስወጣሁ። ደብዳቤውን ሳነበው የመጀመሪያዬ ነበር። «ይህች ተማሪ ያልገባትን ለመጠየቅ አታፍርም» ይላል። ፋብሪካው የተቀበለበት ማህተም የዓርቡን ቀን ይዟል። ከፊርማቸው ሥር ያለው ቀን ግን በሁለት ቀን ይቀድማል።

ረቡዕ! ወረቀቴን የመለሱልኝ ዕለት። እዚያው ጸሐፊዋ ፊት አለቀስኩ።