ጠራቢው የማይቀመጡበት በርጩማ

ዝናብ ሊመጣ ሲል ሳሎኔ ውስጥ ያለው በርጩማ ይሸታል። አትሳቅ፣ እውነቴን ነው። አየሩ ሲከብድ ዋንዛው እርጥበት ይስብና ትናንት የተፈለፈለ ይመስል ያ ጣፈጥ፣ ደግሞ መረር የሚል የእንጨት ሽታ ከጥግ ይመጣል። እኔም የያዝኩትን ሥራ ትቼ በሐሳቤ ጅሬን ኮረብታ ላይ እወጣለሁ። እዚያ የድሮው የጅማ ንጉሥ ቤተ መንግሥት በር ላይ የቆመች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አለች። እኔ ነኝ።

ሚሌኒየሙ ሊገባ የተቃረበበት ሰሞን ነበር። ጅማ ባጃጅ በባጃጅ የሆነችበት፣ ስብሰባው ሁሉ በ«ልማት» ተከፍቶ በ«ልማት» የሚዘጋበት ጊዜ። አባቴ ከሸዋ ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እኔ እዚያው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ተወልጄ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እያወራሁ አደግሁ። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ሰጠኝ። ኮሌጅ ከጨረስኩ በኋላ ግን ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። አባቴ ማታ ማታ ጋዜጣውን አንብቦ ሲጨርስ የሥራ ማስታወቂያውን ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥልኛል። ያ ገጽ ከቁጣ ይብስብኝ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አስጎብኚ ለሁለት ቀን አስተርጓሚ አድርጎ የቀጠረኝ። ኦሮምኛ አይችልም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ሲናገር የሚቸኩል ሰው ነበር። «እንግዶቹ ከአሜሪካ ናቸው። ጥሩ ከሠራሽ ቋሚ አደርግሻለሁ» አለኝ። ቀጠለና፣ «ስለ ባሪያ ንግድ ከጠየቁሽ እዚህ አልነበረም በያቸው። ሰው ከፍሎ ሊያለቅስ አይመጣም» አለ። እሺ አልኩት። ቋሚ የምትለው ቃል ነበረች በጆሮዬ የቀረችው።

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን የከተማው የአቀባበል ኮሚቴ ከንጋት ጀምሮ ኮረብታው ላይ ሽር ጉድ ይላል። ሶፋ ተከራይቷል፣ አበባ የያዙ ልጆች አሰልፏል። ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቅርጫትና በርጩማ የሚሸጡትን ደግሞ «ገጽታችንን ታበላሻላችሁ» ብሎ ከኮረብታው አባሯቸዋል። አንድ ሰው ብቻ እምቢ አሉ፤ በርጩማ ጠራቢው አዛውንት። «እዚሁ ነኝ፤ ከፈለጋችሁ ተሸክማችሁ ውሰዱኝ» ብለው ቁጭ አሉ።

እኚህን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ግንዱን ከሰቃ ወረዳ እያስመጡ ያንን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ያለ አንዲት ሚስማር ከአንድ እንጨት ፈልፍለው ያወጡታል። ገዢ ሲመጣ «ኮቱ፣ ታኢ» ይላሉ፤ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። እሳቸው ግን በበርጩማ ተከበው መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት። ለምን እንደሆነ የሰፈር ልጆች ሆነን ጠይቀናቸው «ልማድ ነው» ብለውናል። እኛም አመንናቸው።

አውቶቡሱ አቧራውን እያስነሳ መጥቶ ቆመ። መጀመሪያ የወረዱት ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ሽበታም፣ ጠይም ሴት ነበሩ። የኮሚቴው ሊቀመንበር እጃቸውን በትሕትና ያዝ አድርጎ «እናቴ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን፣ እንግዶች ሊወርዱ ነው» አላቸውና በትከሻቸው አሻግሮ ወደ በሩ ማየት ጀመረ። ሁለተኛው ሰው ጥቁር። ሦስተኛውም። አውቶቡሱ ተራግፎ አለቀ፣ ልጆቹ አበባቸውን ጨብጠው ይጠብቃሉ። መጨረሻ ላይ ሾፌሩ ወረደ። ሊቀመንበሩ «ፈረንጆቹስ?» ብሎ ጠየቀው። እንግዶቹ ፊቱ ቆመው ፈገግ እያሉ ነበር።

ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። እኔም እኮ የምጠብቀው ነጭ ነበር።

ያላፈሩት ጠራቢው ብቻ ናቸው። ወደ ሽበታሟ ሴት ተጠግተው ከጎረቤቱ ሸቤ ወረዳ ዘመድ የመጣባቸው ይመስል «አከም ጅርቱ?» አሉ። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ደኅና ነዎት ወይ ነው የሚሉዎት። የዚህ አገር ሰው መስለዋቸው ነው» አልኳቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። የአዛውንቱን እጅ ይዘው ቶሎ አለቀቁትም።

ቤተ መንግሥቱን ዞረው ጨርሰው በሩ ላይ እንደቆምን መምህርቷ አስጎብኚውን ጠየቁት። «የእኔ ቅድመ አያቶች በአፍሪካ ሌላኛው ዳርቻ በኩል ነው ተሸጠው የሄዱት። እዚህስ ሰው ይሸጥ ነበር?»

«በፍጹም» አለ አስጎብኚው እየሳቀ። «እዚህ ቡና፣ ማርና ዝባድ ነበር የሚሸጠው።»

አዛውንቱ ከተቀመጡበት መሬት ሆነው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አሉ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እሱስ ምን መለሰ?» ይህንንም ነገርኳቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ንገሪያቸው» አሉ። «አያቴ የተሸጠችው እዚህ ታች ነው፣ ሂርማታ ገበያ። ከከፋ ወዲያ በልጅነቷ ነድተው አመጧት። የገዛት ሰው ቤት በርጩማ ሞልቶ ነበር፣ እሷ ግን ባሪያ ናት ተብላ ተከልክላ አንድ ቀን አልተቀመጠችበትም። መሬት ላይ በላች፣ መሬት ላይ ወለደች፣ መሬት ላይ አረጀች። እኔ በርጩማ መፈልፈል የተማርኩት ለእሷ ብዬ ነው። ሳይደርስላት ሞተች። እሷ ያልተቀመጠችበት ላይ እኔም አልቀመጥም።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ከሩቅ ስለሆንክ ላታውቀው ትችላለህ። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ የዘር ሐረግ ያለው ሰው አፉን ይዞ ይሞታል። የታጨች ልጅ ትመለሳለች፣ ጎረቤት ያንሾካሽካል። አብሯቸው የዋለው ወንድ ልጃቸው አጠገባቸው ነበር፤ እጅጌያቸውን እየጎተተ «አባ፣ በአላህ ይተዉት» ይላል። ሰባ ዓመት የተደበቀ ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጥቶ አየር ላይ ቆሟል። ከእኔ በቀር ለእንግዶቹ የሚያደርስላቸው ሰው አልነበረም።

አስጎብኚው «ምን ይላሉ?» አለኝ። በአማርኛ ነገርኩት። ፈገግታውን ሳያጠፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እንዳትተረጉሚው። እንኳን ደኅና መጣችሁ እያሉ ነው በያቸው። ነገ ውልሽን እፈርምልሻለሁ።»

የአባቴ ጋዜጣ ትዝ አለኝ። ጠረጴዛዬም። አዛውንቱ ግን አፍ አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። እንግሊዝኛ ባያውቁም ብዋሽ ከፊቴ ያነቡኝ ነበር። ተናደድኩ፤ እግዜር ይወቀው፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ሰውየው እዚህ ቆመው እየመሰከሩ «አልነበረም» ይባላል? ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። «መሬት ላይ ወለደች» የሚለውን ሁለት ጊዜ አልኩት።

«ነገ እንዳትመጪ» አለኝ አስጎብኚው።

«እሺ» አልኩት። ሁለተኛው እሺዬ ነበር፤ በዚህኛው አላፍርም።

መምህርቷ አላለቀሱም። ሁለት በርጩማ አንሥተው ጎን ለጎን አኖሩ፣ በአንዱ ተቀመጡ። «ስለ አያትዎ ሆኜ እኔ ተቀምጫለሁ። አሁን እርስዎ ይቀመጡ» አሉ። ተረጎምኩ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው በርጩማውን በእጃቸው ዳበሱት። ከዚያ ጫፉ ላይ፣ እንቁላል ላይ የሚቀመጥ ሰው ሆነው ዝቅ አሉ። ልጃቸው ፊቱን አዙሮ ኮረብታውን ወረደ።

እንግዶቹ ለሆቴሉ ምሳ አልሄዱም። ከኮረብታው የተባረሩትን ሻጮች ፍለጋ በእግራቸው ወረዱ፤ የሰፈሩ ሴቶች ቤት ያፈራውን አቀረቡ፣ ቅርጫቱም ማሩም በርጩማውም ተገዛ። በማግስቱ ሊሄዱ የነበሩት ሰዎች ሁለት ቀን ጨመሩ። ያስተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ፣ ማንም ሳይቀጥረኝ። እነሱ ለወዳጆቻቸው ነግረው ሌሎች መጡ፣ ከእነሱም በኋላ ሌሎች። ዛሬ የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገብተው ለእንግዳ ያበስላሉ፣ ጠራቢዎቹ ማኅበር አላቸው፣ የሚያስጎበኙትም እዚያው የተወለዱ ልጆች ናቸው። ገጽታችን ምንም አልሆነም። ያ አስጎብኚ ራሱ የአዛውንቱን ታሪክ እንደ ራሱ ግኝት ያወራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ያውራ።

ይህ ሁሉ ግን በነፃ አልመጣም። የአዛውንቱ ልጅ በዚያው ሰሞን ሸቤ ገብቶ ቀረ፤ የተመለሰው ለአባቱ ቀብር ነው። አንድ ቀን «ይቆጭዎታል?» ብያቸው ነበር። መሮውን አስቀመጡ። «ልጄ ይናፍቀኛል» አሉ። «ዝም ብዬ የኖርኩበት ጊዜ ግን ወላሂ ይበልጥ ይቆጨኛል።»

መምህርቷ የተቀመጡበትን በርጩማ ይዘው አልሄዱም። «የተከለከለችው እዚህ ነው፣ እዚሁ ይቆይላት» ብለው ለአዛውንቱ መለሱላቸው። እሳቸው ደግሞ ከመሞታቸው በፊት ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ከመምህርቷ በኋላ፣ ማንም አልተቀመጠበትም፤ እኔም።

የድሮው ሂርማታ ገበያ ቦታ ላይ ሰው ይሸጥበት እንደነበር የሚናገር ምልክት ዛሬም የለም። ጽፌ፣ ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ ሰልችቶኛል። ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር በርጩማውን በባጃጅ ጭኜ ሄጄ ዛሬ መንገድ በሆነው መሬት ላይ አኖረውና ታሪኩን እናገራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሾፌር ከኋላችን ቆሞ ጮኸብኝ። «ማዘር፣ በባዶ ወንበር መንገድ ይዘጋል እንዴ? አንሺው!»

«ሰው አለው» አልኩት።

ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋብኝ። አላነሣሁትም።