ያላለቀችው ጂፕ

መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። ከክፍሉ በር ውጪ ሠላሳ ምናምን ጥንድ ጫማ ክሩ እየተፈታ ተደርድሯል። ግራሶ የጠገበውን የሥራ ጫማዬን ከጫፍ አስቀመጥኩና ገባሁ። ውስጡ የላብ፣ የበርበሬና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነበረው። እስረኞቹ የመረጡት የክፍሉ አለቃ፣ ካቦው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ሥራህ ምንድነው?»

«መካኒክ።»

«በምን ገባህ?»

«በመኪና።»

«ሰርቀህ?»

«ኧረ ስጠግን!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከፍርሃቴ ብዛት የምሆነውን አላውቅም ነበር።

ጋራዤ ሶማሌ ተራ ጀርባ ነው። እንጀራዬ ሞተር ማውረድና መግጠም ነው። በዚያ ሰሞን አንዲት አሮጌ ጂፕ አጥሬን ተደግፋ ቆማ ነበር። ባለቤቷ አብነት የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ በአንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ በሹክሹክታ የሚያወራውን ነገር በማይክሮፎን ተናገሩት። ብዙም ሳይቆይ ታሰሩ። በማግሥቱ ፖሊሶች ጂፗን ፍለጋ መጡና ጋራዤን አሽገው እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ነገሩ ይህ ነው፦ ጂፗ ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ የተከለከለ ወረቀት ጭና ከከተማ ወጥታለች ተብሏል። በዓይኔ አይቻለሁ የሚል ሰውም ተገኝቷል።

እዚህ ላይ የሙያችንን ገመና ላውጣ። የጂፗ ሞተር ወርዶ በምትኩ የተገዛው ከአሮጌው የማርሽ ሳጥን፣ ከካምቢዮው ጋር አልገጥም አለ። በሁለቱ መካከል የሚገባ የብረት ቀለበት ቶርኖ ቤት፣ ብረት ቀራጭ ዘንድ፣ መውጣት ነበረበት። የቶርኖ ቤቱ ሰውዬ በሄድኩ ቁጥር «አልቋል፣ ነገ ና» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጋሼ በደወሉ ቁጥር «አልቋል ጋሼ፣ ሞተሩ ገብቷል፣ ሙከራ ላይ ነች» እላቸዋለሁ። ይህ እኛ ዘንድ ውሸት አይባልም፤ ደንበኛ ማስታመም ነው የሚባለው። ሞተሩ ግን ከጋራዤ ጥግ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ጂፗ ኮፈኗ ተዘግቶ፣ ታጥባ፣ ላያት ሁሉ ነገ የምትነሳ ትመስላለች።

ለምርመራ ሲያስገቡኝ ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ቆመው ነበር። ሸሚዛቸው ከሱሪያቸው ወጥቷል። ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስሩ ሰው ናቸው።

መርማሪው ወረቀቱን አስተካከለ። «የእሳቸውን መኪና ሞተር ገጥመሃል ወይስ አልገጠምክም?»

ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ የዋሸኋቸው ሰው ፊት ለፊቴ ቆመዋል። አፌ በለመደበት ሄደ።

«ገብቷል። ሙከራ ላይ ነች» አልኩ።

መርማሪው ጻፈ። ፈረምኩ። ምን እንደፈረምኩ የገባኝ ኮሪደሩን ሳልጨርስ ነው።

ክፍል ስለጠበበ ጋሼንም ከእኛ ጋር ጨመሯቸው። ለስምንት ቀን እንደዚያው ሆንን። እሳቸው ከግድግዳው ሥር፣ እኔ ከበሩ አጠገብ። ሰላምታ እንሰጣጣለን፣ ከዚያ ወዲያ ዝም። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ መዝገባቸው ተጠናቆ በማግሥቱ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚወስዷቸው ተነገረ። የት እንደሆነ አልተናገሩም። በዚያ ሰሞን እንዲህ ተብለው የሄዱ ሰዎች ቤተሰቦች ስንቅ ይዘው ከበር በር ሲንከራተቱ አይተናል።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ በእጃቸው ጠሩኝ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ከቤታቸው የመጣውን ሽሮ ፈቱና ወደ እኔ ገፉት።

«ብላ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። አልቀየምህም። በሙከራ ሰበብ መኪናዬን ለማን ሰጠኻት?»

«ለማንም አልሰጠሁም፣ ጋሼ።»

«ሰውየው አይቻለሁ ይላል። አንተ ሙከራ ላይ ነች ብለሃል። እኔ አላወጣኋትም። ታዲያ ማነው ያወጣት?»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ጋሼ እኔን ነው የጠረጠሩት! መጠርጠራቸውም ትክክል ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ከመርማሪው ፊት እንኳ እንደዚያ አልተሸማቀቅሁም።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ሞተር የላትም።»

«ምን?»

«አልገባም። አንድ ቀንም አልገባም። የቶርኖ ቤቱ ሰውዬ ቀለበቱን አልጨረሰልኝም። እኔም ለእርስዎ አልቋል እያልኩ… መርማሪው ሲጠይቀኝ ደግሞ እርስዎ እያዩኝ አፈርኩ።»

የጋሼ ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀና ስል ለካ እየሳቁ ነው፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

«አራት ወር!» አሉ። «አራት ወር ሙሉ ነገ ነገ ስትለኝ! አንተ ሌባ!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታውን በኋላ። አሁን ሂድና ለእነሱ ንገራቸው። ቶሎ በል!»

በሩን ደበደብኩ። ካቦው ሊከለክለኝ ተነሳና ጋሼን አይቶ ተወኝ።

መርማሪው አላመነኝም። «ያን ጊዜ ገብቷል አልክ። ሊወስዷቸው ሲሉ ሞተር የላትም ትላለህ። ማነው ያስጠናህ?»

«ማንም አላስጠናኝም። ኮፈኑን ከፍተው ይዩ። ሞተር ካለ እኔንም አብረው ይውሰዱኝ።»

ግን ዘጠኝ ቀን ጋራዡን አላየሁትም፤ ማን ገባ ማን ወጣ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ በካቴና አስረው ወሰዱኝ። ሶማሌ ተራ እንደወትሮው ግጥም ብሏል። ጋሪ የሚገፋው፣ ጎማ የሚያንከባልለው፣ ሁሉም ለአፍታ ቆሞ አየኝና አቀርቅሮ አለፈ። ጎረቤቴ ዕቃ ሻጩ ብቻ «አይዞህ ወንድሜ!» ብሎ ጮኸ። እስከ ዛሬ ውለታው አለብኝ።

እሽጉ ተቀደደ። ጂፗ ባለችበት አለች። እጄ ስለታሰረ ኮፈኑን መርማሪው ራሱ ከፈተው።

ሞተር መኖር በነበረበት ቦታ ላይ፣ በአሮጌ ጨርቄ መካከል፣ አንዲት ድመት ተጋድማ ታየናለች። ከሥር ገብታ ወልዳለች። አራት ግልገሎች፣ ዓይናቸውን የገለጡ፣ ጥርስ ያወጡ፣ እርስ በርሳቸው የሚናከሱ። አንዱ ወደ መርማሪው እጅ ተንጠራራ።

«እነዚህ ወር ሞልቷቸዋል» አለ አብሮን የመጣው ፖሊስ። «ቤቴ ስላለች አውቃለሁ።»

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ኮፈን ከከፈትክ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ሁለት ወር ይሆናል።»

«ለሰውየው ግን አልቋል ትላቸው ነበር።»

«በየሳምንቱ።»

ራሱን ነቀነቀ። «የኔንም ሞተር ሳይክል የያዘው ያንተው ቢጤ ነው» አለና ኮፈኑን ቀስ አድርጎ፣ ድመቷን ሳያስደነግጥ መለሰው።

ጣቢያ ስንመለስ ሁለት መስመር ጽፎ አቀረበልኝ። ተሽከርካሪው ሲታይ ሞተር አልተገኘበትም ይላል። አነበብኩት። እንዲህ ከተጻፈ፣ ሞተሩ ከጉዞው በኋላ ወርዷል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ብዕሩን ለመንኩት።

«ምን ልትጨምር ነው?»

«ፊተኛው ቃሌ ውሸት መሆኑን።»

«በሐሰት ቃል አንተው ትጠየቃለህ። ሰውየው ይወጣሉ፣ አንተ ትቀራለህ። እንዳለ ፈርምና ተገላገል።»

ልጆቼ ትዝ አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ለትንሽ ጊዜ አመነታሁ። ከዚያ በራሴ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩ፦ «ሞተሩ ከወረደ አራት ወር ሆኖታል፣ ሌላ አልተገጠመም። ገብቷል ያልኩት ባለቤቱን አፍሬ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም።» ፈረምኩበት። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ያን ሌሊት፣ ከታሰርኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጋሼን በማግሥቱ ለቀቋቸው። እኔን ለሐሰት ቃሌ ሌላ አምስት ቀን አቆዩኝ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ከባለቤቴ ስንቅ ጎን ሁለተኛ ሰሃን ይመጣልኝ ነበር። ማን እንዳመጣው ፖሊሱን ስጠይቀው «ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌ» ይለኛል።

በስድስተኛው ቀን ወጣሁ። በሩ ፊት ለፊት፣ ድንጋይ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነስተው አቀፉኝና ወዲያው ገፋ አድርገው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«መኪናዬስ?» አሉኝ።

«አልተነካችም፣ ጋሼ። አንድ ብሎን አልተነካችም።»

«ተመስገን!» አሉ ወደ ሰማይ ቀና ብለው። በሃያ ዓመት ሥራዬ፣ መኪናው ባለመጠናቀቁ ፈጣሪውን ያመሰገነ ደንበኛ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሞተሩ ከዚያ በኋላ ገብቷል፣ ጋሼም ይነዷታል። ሰዎች ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ ስለ ዱላና ስለ ረሀብ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ያ እኔ ላይ አልደረሰም፤ የደረሰባቸው አሉ፣ እነሱ ይናገሩት። እኔን ዛሬም ሥራ ላይ እያለሁ ድንገት የሚያስቆመኝ ያ የምሳ ሰዓት ነው። ጋሼ ባይጠይቁኝ ኖሮ ዝም እል ነበር። የማላውቀው ቦታ ይወስዷቸው ነበር፤ የሚወስዷቸውም እኔ ሰነፍ እንዳልባል ነበር። አላህ ይመስገን፣ ጠየቁኝ።