ለየኔታ የሠራኋቸው ዘጠኝ ቁልፎች

ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ የተበላሸ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የተመረቅሁት በኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ነገር ግን ትምህርቴ ከጥገና አልፎ ቁም ነገር ላይ ሲውል ያየሁት የኔታ አንድ ማለዳ ወደ ሱቄ ከመጡ በኋላ ነው።

የኔታ የዜማ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። መቋሚያቸውን ደረጃው ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ብቻቸውን ገቡና ወረቀት ዘረጉልኝ።

“ይህን የጻፍሽ አንቺ ነሽ?”

ከወር በፊት ለተማሪዎቻቸው ያተምሁት የግዕዝ ጽሑፍ ነበር። “አዎ የኔታ። ምን ጎደለው?”

“ቃሉስ ሙሉ ነው አሉኝ። ዜማው ነው የጎደለው።”

በዜማ መጽሐፍ ላይ፣ ከፊደሉ በላይ፣ ድምፅ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የሚያሳዩ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። እኔ ቃሉን ብቻ አትሜ ሰጥቼ ነበር። ምልክቱን ተማሪዎቹ በእስክሪብቶ ጨመሩበት፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ገለበጠው። የኔታ ደግሞ ዓይናቸው ባያይም ጆሯቸው ያዘው።

“ሰባት ሆነው ሰባት ዓይነት ያዜማሉ” አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን።

ምልክቶቹ ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ። ነገር ግን አንዷን ለማውጣት የምልክት ሰንጠረዥ ከፍቶ መፈለግ፣ መቅዳት፣ ከፊደሉ አናት ላይ ማስተካከል ያስፈልጋል። ለአንድ መስመር ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ይብስ ብሎ እኔ ዜማ አላውቅም። የሚያውቁት እሳቸው፣ የማየው እኔ።

“ዓይኔ ሳይጠፋ ብራና ላይ ስጽፍ ነው የኖርሁ” አሉ ሊወጡ ሲነሡ። “እጄ አሁንም ያውቀዋል።”

ይህ ንግግራቸው ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። እጃቸው የሚያውቀው ከሆነ እጃቸው ይጻፈዋ!

ከኪቦርዱ ጎን የምትቀመጥ፣ ዘጠኝ ቁልፍ ያላት ትንሽ ሰሌዳ ለመሥራት ወሰንሁ። ስምንቱ ለስምንቱ ምልክቶች፣ ዘጠነኛው ስሕተት ለመሰረዝ። አንድ ቁልፍ ሲነካ ምልክቱን ያወጣል፣ ከፊደሉ በላይ ያሳርፋል፣ ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ንክኪ ያልቃል። ትእዛዙን የምትይዘውን አውራ ጣት የምታህል ቺፕ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ቁልፎቹን ከተጣለ ኪቦርድ ነቃቅዬ ደንበኛ ጋብ ሲልልኝ ሽቦአቸውን በየድሁ። ጎረቤቴ አናጺው ሣጥኑን ከዋንዛ ሠራልኝ። የየቁልፉንም ክዳን ከእንጨት ጠርቦ ምልክቶቹን ጎላ አድርጎ ቀረጸበት።

የኔታን ጠርቼ ሰሌዳዋን ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። “ይዘት… ድፋት… ቅናት…” እያሉ ጠሯቸው፤ አንዱንም አልሳቱም። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“ይህስ ለምን ልሙጥ ሆነ?”

“የስሕተት ማጥፊያ ነው፣ የኔታ።”

ሳቁ። “በብራናው ዘመን በቢላ ነበር የምንፍቀው።”

እኔ ፊደሉን መታሁ፣ እሳቸው ቁልፉን ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ግን አንድ ድፋት ሳይሆን ሠላሳ ድፋት ተደረደረ! የኔታ ቁልፉን የሚጫኑት እንደሚያዜሙት ነው፤ ድምፁ እስኪያልቅ ጣታቸው አይነሣም። አፈርሁ። እሳቸው ግን “ምን ሆነ?” ብለው ጠየቁ፤ ስነግራቸው “እንግዲያስ እኔ ልፍጠን” አሉ።

“የለም፣ እርስዎ እንደ ልማድዎ ይሁኑ። ሰሌዳዋ ትልመድ” አልኋቸው።

ትእዛዙን እንደ አዲስ ጻፍሁት፤ ጣት የፈለገውን ያህል ቢቆይ አንድ ንክኪ አንድ ምልክት ብቻ እንዲያወጣ። ጣታቸው ሁለት ቁልፍ በአንዴ እንዳይነካም አናጺው በቁልፎቹ መካከል ቀጫጭን ጠርዝ አቆመልን።

ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱ ዜማ ሆነ። የኔታ ለስለስ አድርገው ያዜማሉ፤ እኔ ፊደል በፊደል እከተላለሁ፤ የኔን ቁልፍ ድምፅ ሲሰሙ የሳቸውን ይጫናሉ። መጀመሪያ ቀን አራት መስመር ጻፍን። በሳምንቱ አንድ ገጽ ሞላን። ክረምቱ ሳይወጣ መጽሐፉ ተፈጸመ።

ታትሞ እንዳለቀ ከጉና በኩል ሌላ የዜማ መምህር በበቅሎ መጡ። በኮምፒውተር የተጻፈ ዜማ አላምንም ብለው የኔታ ከሚያስተምሩበት ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊውን የዜማ ብራና አስወጡና በአጸዱ ዛፎች ሥር ከኛው ገጽ ጋር ያመሳክሩ ጀመር። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜአለሁ። መምህሩ ድንገት ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ተከሉ።

“ይኸው! እዚህ ላይ ድፋት ነው መሆን የነበረበት፣ እናንተ ሂደት አድርጋችሁታል።”

“ብራናውን ይዩት” አሉ የኔታ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነቃነቁ።

መምህሩ ጎንበስ ብለው አዩ። ብራናውም ሂደት ይላል። እንደገና አዩ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጡ፤ አንድም ግድፈት አላገኙም።

“ማን ነው የጻፈው?” አሉ በመጨረሻ።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ያን ያህል ቀጥ ብለው ሲቆሙ አይቼ አላውቅም።

“እኔ ነኝ የጻፍሁ” አሉ። “ብርዑን የቀረጸችልኝ ደግሞ ያችውልዎት፣ እዚያ የቆመችው ልጄ ናት።”

ሰባቱ ተማሪዎች ወረቀቱን ተቀብለው ቆሙ። ዜማውን ሲጀምሩ ሰባቱም አንድ ድምፅ ሆኑ።