ለየኔታ የፈለግኳቸው መጻሕፍት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም ማፍረሴን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴ ላይ መጮኼን ሁሉ ነግሬያቸው ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ብዬ ልጀምር? አልገደልኩም፣ ኪስ አላወለቅኩም። መጽሐፍ አነበብኩ። አንብቤ በደልኩ ብል ማን ይገባዋል? እናንተ አንባቢዎች ናችሁና ምናልባት ይገባችሁ ይሆናል። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ጎረቤታችን እትዬ አለምነሽ ይባላሉ። አባታቸው የኔታ ከጉና ሥር ባለ ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዐይናቸው እየደከመ ሲሄድ እልጃቸው ቤት ገቡ። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ እያለ መሄዱ አይቀርም ብሏቸዋል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። አላወቅኩም የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

አንድ ቀን የኔታ ድሮ ያስተማሩት፣ አሁን ባሕር ዳር የሚሠራ ሰው ሊጠይቃቸው መጣና የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ሰጣቸው። ስስ ነው፤ ፊደሉን እንደ ልብ ማተለቅ ይቻላል፤ እንደ ስልክ ዐይን አይወጋም። የኔታ በሁለት እጃቸው ተቀብለው እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ተሳለሙት። ውስጡ ግን ባዶ ነበርና አስጠሩኝ።

“ልጄ፣ አንቺ የዚህ ነገር አዋቂ ነሽ አሉ። እስቲ ደግ ደግ ንባብ ፈልገሽ ሙይልኝ” አሉኝ።

“ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ላስገባልዎ፣ የኔታ?”

ሳቁብኝ። “እሱንማ በቃሌ ይዤው የለም? ያላየሁትን ነው የምሻ። ባሕር፣ ባሕር ስል ኖርሁ እንጂ ምን እንደሚመስል አላውቅ። የጨረቃን ሌሊት ስቆጥር ኖርሁ፤ ላይዋ ላይ ወጣን የሚሉት ሰዎች ምን አዩ? ንብስ ቀፎው ውስጥ ገብታ ምን ትሠራለች? እንዲህ ያለውን አምጭልኝ። ዐይኔ ሳይዘጋ ጥቂት ልይ።”

ደነገጥኩ። እኔ እኮ የቄስ ጉጉት ከቤተ ክርስቲያን አጥር አይወጣም ብዬ ነበር የማስበው። መሣሪያውን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መጀመሪያ የምር ለእሳቸው ነበር የምፈልገው፤ ይህን እመኑኝ። ቴሌግራም ላይ መጽሐፍ የሚለዋወጡ ሰዎች አሉ፤ እዚያ ገባሁ። ስንት ጉድ አለ! አንዱ መጽሐፍ ገጹ ተጣሞ ፎቶ ተነስቷል፤ ጥጉ ላይ ያነሳው ሰው አውራ ጣት ይታያል። አንዱ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ሌላው ርእሱ ስለ ከዋክብት ይላል፣ ውስጡ ስለ ሀብት አያያዝ ይመክራል። እየቆየሁ ለየሁት። ፎቶ የሆነው ፊደሉ ብቻውን አይተልቅም፤ የተተየበው ግን እንደታዘዘው ይሆናል። የእኛን ፊደል የሚያሳየውን ፎንት ፈልጌ ጫንኩ። እነዚያ ሳጥኖች ሁሉ ፊደል ሲሆኑ ብቻዬን እልል አልኩ። ያን ዕለት ወስጄ ብሰጣቸው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

አልሰጠሁም። ለምን? ጥሩ መሆኑን ልቅመሰው ብዬ። መርከቡ ተሰብሮበት ባሕር ላይ ብቻውን የቀረ መርከበኛ ታሪክ አገኘሁ። ጥቂት ገጽ አነበብኩና “ይህ ለየኔታ ይሆናል” አልኩ። ይህን የለቀቀው ሰው ሌላስ ምን ይኖረው ይሆን ብዬ ዞር ስል ስለ ንቦች የሚተርክ መጣ። ንግሥቲቱ እንዴት እንደምትነግሥ ሊነግረኝ ሲል ስለ ጉንዳን የተጻፈ ታየኝ። ጨረቃ ላይ የወረዱት ሰዎች የመንኮራኩራቸውን በር ሊከፍቱ ሲሉ፣ ፀሐይ በማይደርስበት የባሕር ወለል ስለሚኖሩ ዓሦች የሚል አገኘሁ። ራሳቸው የሚያበሩ ዓሦች! እንዴት ይታለፋል? በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ የየኔታን መሣሪያ ከፍቼ ማንበብ ነው፤ እህቴን ልጠይቅ ገሳይ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥም እሱን ነው። ሁልጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው የሚሻል ይመስለኝ ነበር። ጉጉት ኃጢአት ነው? አይመስለኝም። የሰው ጉጉት ላይ ተቀምጦ የራስን መመገብ ግን ምን ይባላል?

የኔታ በእትዬ አለምነሽ በኩል “ደረሰ ወይ?” እያሉ ይልኩብኛል። እኔም “የእኛን ፊደል አልቀበል ብሎ እየታገልኩት ነው በሏቸው” እላለሁ። ዋሸሁ። ደግሜም ዋሸሁ። ፊደሉ ቦርሳዬ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ኔትወርክ ይጠፋ ነበር፣ መብራትም ይሄድ ነበር፤ በእነሱ ላመካኝ እችላለሁ። አላመካኝም። መሣሪያው እኔ ዘንድ የቆየው እኔ ስላልመለስኩት ነው።

አንድ ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ የኔታ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት አየኋቸው። እግሬን ሰምተው አወቁኝ።

“አትቸኩይ ልጄ፤ ነገሩ አዲስ ነው፣ ይገባኛል” አሉኝ።

ፊቴ ተቃጠለ። ያን ዕለት እንኳ አልመለስኩም። አንድ ብቻ ልጨምርና እወስደዋለሁ አልኩ።

መስከረም ላይ የወሰድኩትን ከፋሲካ በኋላ መለስኩ። ፊደሉን እስከ መጨረሻው ስላተለቅኩት ገጹ የሚይዘው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበር። የኔታ አማተቡና ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ገለበጡት። ወደ መስኮቱ ዘረጉት።

“በርቷል?” አሉኝ።

“በርቷል፣ የኔታ።”

መስታወቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ቆይተው መሣሪያውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና አጠገባቸው እንድቀመጥ መደቡን መታ መታ አደረጉ። በቅኔ ቤት መምህሩ በቃሉ እየነገረ ተማሪው ይቀበለዋል፤ ማስቀጸል ይሉታል።

“ዕድሜ ልኬን ሳስቀጽል ኖርሁ፤ እንግዲህ ደግሞ አንቺ አስቀጽይኝ” አሉ። “መቼም ስትመርጭ አንብበሽዋል።”

መርከበኛውን ጀመርኩላቸው። ማዕበሉን ነገርኳቸው፤ መርከቡ ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ድምፅ፣ ሰውዬው በአንዲት ጣውላ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱን። አንገታቸውን ወደ እኔ አዘንብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

“ከዚያስ?”

አላውቅም። ወደ ንቦቹ ዘለልኩ።

“ከዚያስ? እንዴት ነገሠች?”

አላውቅም። ወደ ጨረቃ ወጣሁ።

“በሩን ከፈቱና?”

አላውቅም፣ አላውቅም! ያን ሁሉ መጽሐፍ ለቅሜ አንዱንም አልጨረስኩም። የአንድ ሽማግሌ የመጨረሻ የዐይን ብርሃን ይዤ በመግቢያ ገጾች ላይ አባከንኩት። ምነው ለራሴ እንኳ በወጉ ባነበብኩት!

የኔታ ተማሪ ሲያጭበረብር በትንፋሹ የሚያውቁ ሰው ናቸው። እኔን ግን አልጠረጠሩኝም።

“ይኸ መሣሪያ መጨረሻውን ያጎድለዋል እንዴ፣ ልጄ?” አሉኝ።

“አዎ፣ የኔታ” አልኩ። “ያጎድለዋል።”

“እንግዲያ አንቺም ደክመሽበታላ! እግዜር ድካምሽን ይቁጠርልሽ።”

አሜን አልኩ። ያን ምርቃት ተቀብዬ አሜን አልኩ።

ቤቴ ስገባ ስልኬ ላይ የቀሩትን ቅጂዎች ከፍቼ እስከ መጨረሻቸው አነበብኩ። የንቧን አወቅኩ፣ የጨረቃውን አወቅኩ። ሄጄ ጮክ ብዬ ላነብላቸው እችላለሁ። ግን መጨረሻ የለውም ያልኩት እኔ ነኝ፤ መጨረሻውን ለመንገር አስቀድሜ መዋሸቴን ልነግራቸው ግድ ነው። እስካሁን አልነገርኳቸውም። እትዬ አለምነሽ ውኃ ስንቀዳ ሲያገኙኝ “አባየ እኮ ያ ሰውዬ ከባሕር ወጥቶ ይሆን እያሉ ያዝናሉ” ይሉኛል። እኔም ፈገግ ብዬ ጀሪካኔን አነሳለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ሰውዬው ወጥቷል። ከብዙ መከራ በኋላ ማዕበሉ ዳር አድርሶት፣ በእንብርክኩ ወጥቶ አሸዋውን ስሟል። ይኸው ለእናንተ ነገርኳችሁ፤ የኔታ አሁንም አያውቁም።