ስለ ላቬል እግር የተናገርኩት

ላቬል ፔቲዌይ ላይ ስቀና አርባ አምስት ዓመት አለፈኝ። ሳልዋሽ ልናገር፣ ዛሬም እቀናበታለሁ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጉልበቱ የተበላሸ ሰው ምኑ ያስቀናል ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ ልንገራችሁ።

በኛ በአላባማ ፉትቦል ኳሷ የምትያዘው በእጅ ነው፤ ጨዋታውን የሚመራው፣ ለማን እንደሚወረወር የሚወስነው ደግሞ ኳርተርባኩ ነው። እኔና ላቬል አብሮ አደግ ነን። የትምህርት ቤታችን ቡድን ውስጥ ገባን፤ ሁለታችንም ያንን ቦታ ፈለግን። ለሱ ሰጡት። እኔን "ሮይስ፣ አንተ ሮጠህ ተቀበል" አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ሲወረውር እኔ ስለቅም ከረምኩ። የናቴ ልጅ ቢሆን እንኳ ይቅር የምለው አይመስለኝም።

ደግሞ ዝም ብሎ አይወረውርም። ቤተ ክርስቲያን ፓስተሩ ሲሰብክ፣ እሱ የቀብር ድርጅቱ ለማስታወቂያ ባደለን የካርቶን ማራገቢያ ጀርባ ላይ በእርሳስ ክብና መስመር ይስላል። ተከላካዩ እዚህ ከመጣ፣ አንተ እዚያ። እናቱ ሚስ ኦዴሳ በክርኗ ስትጎስመው ገልብጦ እንደ ጨዋ ልጅ ያራግባል። ዓርብ ሜዳ ላይ የሚሆነው ያው እሑድ የሳለው ነው።

ሬዲዮው ግን ሌላ ያወራል። የነጮቹ ትምህርት ቤት ኳርተርባክ ዴል ሃቺንስ ሲያሸንፍ "ጭንቅላት ያለው ልጅ" ይሉታል። ላቬል ሲያሸንፍ "እግር ነው፣ ተፈጥሮ የሰጠችው"። ሲያወዳድሩትም ከጥቁር ሯጭ ጋር ነው፤ አወራወሩ ቁርጥ ዴልን ቢሆንም ከዴል ጋር ያወዳደረው ሰው የለም። የኛ የጥቁሮቹ ሰፈር በዚህ ይንገበገባል። ፀጉር አስተካካዩ ሚስተር ታለሪ "ጭንቅላት እንዳለን ትዝ የሚላቸው ባርኔጣ ሲሸጡልን ብቻ ነው" ይል ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች መልማይ መጣ። ላቬልን ኳርተርባክ አድርገው ይውሰዱት ወይስ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሯጭ፣ ያንን ሊወስን ነው የመጣው። ከልምምድ በኋላ ጠራኝ።

"አብሮ አደጉ ነህ አሉኝ። ይሄ ልጅ አስቦ ነው የሚወረውረው፣ ወይስ እንዲያው ይሆንለታል?"

ማራገቢያዎቹ ትዝ አሉኝ። እንዲያውም አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አጥናው ብሎ በዚያው ሳምንት የሰጠኝ።

"ኧረ ጌታዬ፣ እሱ ምን ያስባል" አልኩት። "እግሩ ነው እንጂ። ተፈጥሮው ነው።"

ሰውየው ጻፈ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኔ ግን አላመለጠኝም። ያ ቃል ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ስንንገበገብበት የኖርነው ቃል ነው።

ሯጭ አደረጉት። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ሰው ተከመረበትና ጉልበቱ ሄደ። ተመልሶ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ያዘ። ኤርሊንን አገባ፤ እሷንም ቀድሜ ያየኋት እኔ ነበርኩ። የከተማው ልጅ ሁሉ "ሚስተር ላቬል" እያለ አደገ። እኔ መለዋወጫ ሱቅ ስሠራ ኖርኩ፤ ስሜን የሚያውቀው ደረቴ ላይ የተሰፋውን ያነበበ ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ እሱ ቤት ጨዋታ እያየን ነበር። ኤርሊን የጎድን ጥብስና ጎመን አቅርባለች። አንድ ጥቁር ኳርተርባክ ተከላካዮቹን በዓይኑ ብቻ አታሎ ወረወረ። ተንታኙ "የተፈጥሮ ስጦታ ነው፣ ይሄ ተምረውት አይመጣም" አለ።

"አይ እነዚህ ሰዎች" አልኩ። "አሁንም አልተዉንም።"

ላቬል አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። "እሱስ ልጁን አያውቀውም፣ ሮይስ። ስለኔ እንዲያ ያለው የሚያውቀኝ ሰው ነበር።"

ሹካዬን አስቀመጥኩ። "ማን ነገረህ?"

"መልማዩ። ዩኒቨርሲቲው በደረስኩ ቀን 'እኔ ኳርተርባክ ነኝ' ስለው ደብተሩን ገልጦ 'ጓደኛህ ራሱ ነው ያለው' አለኝ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልከኝ?"

"አንተስ መቼ ነገርከኝ?" አለና የበቆሎ ዳቦውን ወደኔ ገፋው። "ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። የናቴን የሬሳ ሣጥን ተሸክሟል። ሁሉንም እያወቀ። እኔ ብሆን ቂሜን ሳልወጣ አንድ ቀን አላድርም ነበር። ዳቦውን ቆረስኩ፤ በዚህም ቀናሁበት።