አገር ያየችው ነሲባ

ነሲባን የሚያናድዳት ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ የባሰው ግን «አገር ያየች» መባሏ ነው። መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ማንጎና ሽንኩርት ትሸጣለች። ዋጋ ማስቀነስ የፈለገ ገበያተኛ ሁሉ «አንቺ እኮ አገር ያየሽ ነሽ፣ በዚህ አትጨክኚም» ይላታል። የቱን አገር ነው ያየችው? ሳዑዲ ሰባት ዓመት ኖራ ያየችው የሰው ጓዳ ነው። እመቤቲቱ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍባት ነበር፤ የወጥ ቤቱ መስኮትም የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው። አውሮፕላን የተሳፈረችው አንዴ ነው፣ እሱንም ከእስር ቤት አውጥተው ሲያባርሯት፣ በነጠላ ጫማ።

አገር ቤት ስላደረገችው ጉዞ ደግሞ የሚጠይቃት የለም። ጦርነቱ መርሳ የደረሰ ጊዜ እናቷን ደግፋ በእግሯ ወደ ደሴ ሸሽታለች። ሐይቅ ከተማ ላይ አንዲት ሴት ስማቸውን እንኳ ሳትጠይቅ አስገብታ፣ የእናቷን ያበጠ እግር በሙቅ ውሃ አጥባ አሳደረቻቸው። ጉዞ ከተባለ ነሲባ ማውራት የምትፈልገው ይህን ነበር። ሰው የሚጠይቃት ግን ስለ ጅዳ መብራት ነው። መብራቱን የት አይታው!

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ወንድሟ ዓሪፍ ከግራና መንደር ደወለላት።

«ናጅዋ ቅዳሜ ልትነሳ ነው። ዛሬ ዱዓ ይዘንላታል፣ ነይ።»

ናጅዋ ልጁ ናት፤ ገና ሃያ ዓመቷ። የምትሄደውም ነሲባ በሄደችበት መንገድ ነው፦ በሐራ አድርጋ ጭፍራ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ነሲባ ስልኩ ላይ ጮኸች፣ ወንድሟን እንደ ልጅ ሰደበችውና ዘጋችበት። ከዚያ ማንጎውን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ ሻርፗን ጠምጥማ ባጃጅ ተሳፈረች። ልጅቱን ሳታስቀር ላትመለስ ምላለች።

ስትደርስ ቤቱ ሞልቷል፣ ጫቱም ተዘርግቷል። የመንደሩን መንገደኛ ሁሉ መርቀው የሚሸኙት ሸህ ጀብሪል ገና ከበር ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«እሰይ! በይ ዱዓውን አንቺ ክፈችው። ሄዶ የተመለሰ ሰው እግሩ ቀና ነው፣ ለልጅቱም ይተርፋታል።»

«ይተዉኝ ሸህ ጀብሪል። እኔ ላስቀራት ነው የመጣሁ።»

ዓሪፍ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «አንቺ አገር አይተሽ፣ ቤት ሠርተሽ፣ የኔ ልጅ ተራ ሲደርስ ምቀኝነት ያዘሽ?»

ናጅዋም ከእናቷ ጎን ሆና «አክስቴ፣ እኔም እንዳንቺ አገር ልይ እንጂ» አለች።

የነሲባ ደም ፈላ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ጥግ ላይ የተቀመጡትን እናት አየች፤ ሀስናን፣ የከድጃን እናት። ነሲባና ከድጃ አብረው ነበር የወጡት። ያኔም ዱዓው የተያዘው ግራና ነው፣ የመረቁትም እኚሁ ሸህ ናቸው፣ አሚኑም ቤቱን አናግቶት ነበር። ከድጃን ከጭፍራ አልፈው በረሃው ላይ ውሃ ጥም ገደላት። ድንጋይ የከመረችባት ነሲባ ናት። ዛሬ ደግሞ ያው ሰው፣ ያው ምርቃት!

«እሺ፣ እከፍታለሁ» አለች። ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች። ቤቱም መዳፉን ዘረጋ።

«ያረቢ፣ ናጅዋን ጠብቃት።»

«አሚን!»

«ከክፉ ሰው ከልላት።»

«አሚን!»

«ደላላውን መንገዱን አጥፋበት።»

«አሚን!»

«መኪናው ሐራ ሳይደርስ ይሰበር።»

«አሚን!»

«ባሕሩንም ዝጋው።»

አፍ ለምዷልና ቤቱ ይህንንም «አሚን!» አለ። መጀመሪያ የነቁት ሸህ ጀብሪል ናቸው፤ አሚናቸው ግማሹ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ሰው አንዱ አንዱን ማየት ጀመረ።

«ልጄን በቤቴ ትረግሚያታለሽ!» ብሎ ዓሪፍ ጮኸ።

ነሲባ እጇን አላጠፈችም። ከንዴቷ ብዛት እንባዋ ይወርዳል። «ያረቢ፣ ከድጃን በአሚን የሸኘን እኛን ሁሉ፣ ልጆቻችን ሲጠይቁን የምንመልሰው አሳጣን!»

ሰው ሁሉ መዳፉን ሰበሰበ። ከጥግ ግን አንድ ደካማ ድምፅ «አሚን» አለ። ሀስና ነበሩ።

 ሸህ ጀብሪል ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሱ። «ሀስና አሚን ካለችበት ወዲያ እኔ ሌላ ዱዓ አልከፍትም። ሳይመረቅ የሚወጣ ደግሞ በኛ አገር የለም» አሉ።

ቀረች ማለት ነው። ነሲባ ያሰበችው ሆነላት። ናጅዋ ግን መጥታ ፊቷ ቆመች።

«ቀረሁልሽ እሺ! ፈተና ከወደቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ቤት ከብት ውሃ ለማጠጣት ካልሆነ አልወጣ። እዚህ ምን ልሁን? ንገሪኛ!»

ነሲባ አፏን ከፈተች። ለደላላው፣ ለመኪናው፣ ለባሕሩ ቃል ሞልቷት ነበር፤ ለዚች ልጅ ግን አንድም አልመጣላት። ናጅዋ ወደ አባቷ ዞረች፣ ዓሪፍ መሬት መሬት አየ። ወደ ሸህ ጀብሪል ዞረች። እሳቸውም ምርኩዛቸውን ይዘው እንደቆሙ ነሲባን አዩ፤ «የምንመልሰው አሳጣን» ያለችው ደርሶ ነበር።