የቁስሉ ዙሪያና ውስጡ

ጥድፊያ የሚል ስም ያወጡላት በከንቱ አይደለም። የምትበላው ቆማ ነው፤ የምታወራው እየሄደች ነው፤ ስትተኛም አንድ እግሯ ከአልጋው ውጭ ነው ይሏታል ጎረቤቶቿ። ከወንድሟ ጋር በሚሠሩበት ስፌት ቤት ቆራጩ እሱ ነው፤ እሷ ጠርዝ ትሰፋለች። የቀሚስ ጫፍ፣ የመጋረጃ ዳር፣ የጠረጴዛ ልብስ ዙሪያ። ዕድሜዋን ሙሉ ዓለምን በዳር በዳሩ ስትለካ ኖራለች፤ መሀሉ የወንድሟ ጉዳይ ነው። ለእሷ ትልቅ ልብስ ማለት ብዙ ዳንቴል የሚበላ ልብስ ነው።

አሁን ትንሿ ልጇ የፈላ ውሃ ጀርባዋ ላይ ተደፍቶባት ሆስፒታል ተኝታለች። ቁስሉ ውሃው የሄደበትን ሁሉ ተከትሎ ሄዷል፤ ዳሩ ገባ ወጣ ይላል። ዶክተሩ ከጭኗ ቆዳ ወስዶ ሊተክልበት ነው። ሲስተሯ የቁስሉን ቅርጽ ካሬ ካሬ በተሰመረ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ላይ ነድፋለች፤ ከጎኑም ከጭን የሚወሰደውን ቆዳ በአራት ማዕዘን አስምራለች።

ጥድፊያ ቀድማ ክሯን አወጣች። በቁስሉ ዳር በተነደፈው መስመር ላይ እያጠማዘዘች ለካችና በዚያው ክር አራት ማዕዘኑን ዞረችው። ክሩ ዞሮ ሲገጥም ገና ግማሽ ያህሉ ተረፈ።

"ይቺማ አትበቃም!" ብላ ጮኸች። "ዶክተር፣ የልጄን ግማሽ ጀርባ ብቻ ልትሸፍኑ ነው? ጨምሩ እንጂ! እኛ እንኳን ለጨርቅ ትርፍ እንተዋለን።"

"ይበቃል እናት" አለ ዶክተሩ። "ያልገባዎት ነገር ካለ ሲስተርን ይጠይቁ። እርስዎ እሺ ካላሉ ነገ ኦፕሬሽን አንገባም።" ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

እሺ እንዴት ትበል? ኮሪደሩን ስትመላለስበት ዋለች። ጥበቃው "እመቤት፣ ወለሉን ጨረሽው እኮ" ቢላትም ሰምታ አልሰማችም። የሰው ልጅ ቆዳ ይቆጠባል? በልጇ ላይ? እየተመለሰች "ጨምሩ በያቸው" ስትል ሲስተሯን አሰለቸቻት።

"ነይ ተቀመጪ" አለቻት ሲስተሯ በመጨረሻ፣ ላስቲኩን እየሰጠቻት። "ዳሩን ተይውና ውስጡን ቁጠሪ።"

ሙሉ ካሬዎቹን ቆጠረች። ዳር ላይ የተቆረጡትን ቁራጭ ከቁራጭ እያጋጠመች ደመረች። የአራት ማዕዘኑንም ቆጠረች። እኩል ሆነ። ተሳስቼ ነው ብላ ደገመችው፤ አሁንም እኩል።

"ዓይን ያታልላል፤ መቀስ ግን አይዋሽም" አለችና ወረቀት ለመነች። ላስቲኩን መስኮቱ ላይ ለጥፋ የቁስሉን ቅርጽ ገለበጠች፣ ቆረጠችው። ወጣ ወጣ ያለውን እየቀነጠበች ገባ ባለው ውስጥ ሰካች፤ የተረፈውንም በየክፍተቱ ጠጋገነች። አራት ማዕዘን ወጣው። ከተሰመረው ጋር ስታነባብረው ልክክ አለ።

"ታዲያ ክሩስ?"

"ክሩማ የዳሩ ነው" አለች ሲስተሯ። "የተጠማዘዘ ዳር ክር ይበላል እንጂ ውስጡን አያሰፋም።"

"ውይ፣ ዳሩ ረዘመ ብዬ ጨርቅ ጨምር እያልኩ ወንድሜን በከንቱ ነው ለካ የምጨቀጭቀው!" አለችና ሳቀች።

ሳቁ ግን አፏ ላይ ደረቀ። የተጠጋገነው ወረቀት መዳፏ ላይ ነበር። ይህን የሚያህል ቆዳ ከልጇ ጭን ሊላጥ ነው፤ ምንም ካልነካው ጤነኛ ጭን። ጀርባዋ ላይ ለሚያርፈው እያንዳንዱ ካሬ ጭኗ ላይ አንድ ካሬ ሥጋ ይጋለጣል። እሷ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ "ጨምሩ፣ ጨምሩ" ስትል ነበር የዋለችው።

ዶክተሩ ተመልሶ መጣ። "እሺ እናት፣ ምን ወሰኑ? ትርፍ ይጨመር ብለው ነበር።"

"የምን ትርፍ!" አለች ጥድፊያ፣ እንባዋ እየቀደማት። "ግቡ፣ ሥሩላት። ግን አንዲት ካሬ እንዳትጨምሩ። ጭኗም እኮ የልጄ ገላ ነው።"